ከአሜሪካ የሚመጣ ፓምፕ ደሴ ላይ ይሠራል? ለ240 ሊትር የዓሣ ገንዳ ምክር ፈልጌ ነው

አናጢው ከሆጤ

ሰላም ያ ጀማዓ፣ እንዴት ከረማችሁ።

የምኖረው ደሴ ነው። ሥራዬ እንጨት ነው፤ በር፣ መስኮት፣ ቁም ሳጥን እሠራለሁ። ዓሣ የጀመርኩት ለልጄ ብዬ ነበር። አሁን ከሥራ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ መጀመሪያ የማየው ገንዳውን ነው።

ገንዳው 120 በ45 በ50 ሴንቲ ነው፤ 240 ሊትር ገደማ ውሃ ይይዛል። መስታወቱን አስቆርጬ በሲልከን ያያያዝኩት ራሴ ነኝ። መቀመጫውም የእጄ ሥራ ነው፤ ዋንዛ፣ ከፍታው 80 ሴንቲ። ከስሩ ካቢኔ ውስጥ 80 በ35 በ40 ሴንቲ የሆነ ሳምፕ፣ ማለትም የውሃ ማጣሪያ ትንሽ ገንዳ፣ አስቀምጫለሁ። ከላይ የተረፈው ውሃ በቱቦ ይወርድና በስፖንጅ ይጣራል። መጨረሻው ክፍል ውስጥ ያለው ፓምፕ ደግሞ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። ያስቸገረኝ ይሄ ፓምፕ ነው።

የገዛሁት ከአንድ ሱቅ ነው። ካርቶኑ ላይ "በሰዓት 1800 ሊትር" ይላል። ሰባት ወር ደህና ሠራ። ከዚያ በኋላ መብራት ሄዶ ሲመጣ አልነሳም ማለት ጀመረ። ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም። ነቅዬ፣ ከፍቼ፣ ውስጡ ያለችውን ማግኔት በጣቴ ገፋ ሳደርጋት ይነሳል። ቀን ሲሆን ይሁን። ሌሊትስ? ባለፈው ወር ተኝተን ሳለ መብራት ሄዶ መጥቷል። ጠዋት ኤንጅል ከሚባሉት ዓሦቼ ሁለቱ ሞተው፣ የቀሩት ውሃው ፊት ላይ አፋቸውን ከፍተው አገኘኋቸው። ልጄ የዚያን ቀን ቁርስም አልበላች።

ሌላም ጣጣ አለ። ከዚያ ቀደም ብሎ አንድ ቀን ለሱብሂ ስነሳ እግሬ ውሃ ረገጠ። ሳምፑ ሞልቶ ፈሶ ምንጣፉ ርሷል። የካቢኔው ወለል ኮምፔንሳቶ ነው፤ ጠርዙ እስካሁን እንዳበጠ ነው። ይኸኛውም የሆነው መብራት በሄደበት ሌሊት ነው።

አሁን የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ልትመጣ ነው። "ምን ላምጣልህ?" ስትለኝ ፓምፕ አልኳት። "ስሙን ላክልኝ" አለች። ሻንጣዋን የምትዘጋው አርብ ነው። የምፈልገው ትልቅ ፓምፕ አይደለም። መብራት በመጣ ቁጥር እኔ ባልኖርም ራሱ የሚነሳ፣ የሚታመን ፓምፕ ነው። ምን ልበላት?

ብሬከር

ወንድሜ፣ ሳይገዛ መጠየቅህ ትልቅ ነገር ነው። እኔ የመብራት ሠራተኛ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ነው፤ አሁን አዲስ አበባ እሠራለሁ። ከአሜሪካ መጥቶ ሶኬት ላይ እንደተሰካ የተቃጠለ ስንት ዕቃ በእጄ አልፏል።

የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። የኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። የቮልቱን ልዩነት ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ "ትራንስፎርመር እገዛለታለሁ" ይላል። ኸርዙን ግን ትራንስፎርመር አይቀይረውም። ቀጥታ ሶኬት ላይ የሚሰካው ተራው የገንዳ ፓምፕ ደግሞ ፍጥነቱን የሚያገኘው ከኸርዙ ነው። ለ60 የተሠራው በ50 ሲዞር ከፍጥነቱ አንድ ስድስተኛውን ያጣል። ውሃ ወደ ላይ የሚገፋበት አቅም ከዚያም በላይ ይወርዳል፤ ሲሶ ገደማ ይቀንሳል። ሞተሩም ከልኩ በላይ ይሞቃል። ሌት ተቀን ለሚሠራ ዕቃ ይሄ ጥሩ አይደለም።

ስለዚህ ከአሜሪካ የሚመጣ ከሆነ ባለ አዳፕተሩ ይሁን፤ ዲሲ የሚባለው። ፓምፑ ራሱ የሚሠራው ብዙ ጊዜ በ24 ቮልት ነው፤ ሶኬቱ ላይ የሚሰካው አዳፕተሩ ነው። የአክስትህ ልጅ አዳፕተሩን ገልብጣ ትንንሹን ጽሑፍ ታንብብ። "ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ" የሚል ከሆነ ደሴም ቨርጂኒያም ለሱ አንድ ነው። 120 ብቻ ካለ ትተወው። የሶኬቱ እግር ጠፍጣፋ መሆኑ አያሳስብህ፤ መቀየሪያው በየሱቁ አለ።

ሁለት ነገር ግን አደራ። አንደኛ፣ ዲሲ ፓምፕ ፍጥነት የሚቀይሩበት መቆጣጠሪያ አለው። አንዳንዱ መብራት ሲመጣ በነበረበት ፍጥነት ይነሳል። አንዳንዱ ግን ቁልፉን እስክትጫን ቁጭ ይላል። ላንተ ቤት ሁለተኛው ፓምፕ አይደለም። ከመግዛቷ በፊት ይሄን ታጣራ። ሁለተኛ፣ ቀድሞ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ አዳፕተሩ ወይም መቆጣጠሪያው ነው፤ መብራት ሲመለስ አንዳንዴ በኃይል ስለሚመጣ። ትርፍ አዳፕተር አብራ ታምጣ። አንተም ለፍሪጅ የሚደረገውን መከላከያ አድርግለት፤ መብራት ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚለቀውን ዓይነት።

የኮምቦልቻዋ

አብሽር ወንድሜ፣ መፍትሔ አለው። ለኤንጅሎቹ ግን አዝኛለሁ። ልጅህንም አይዞሽ በልልኝ።

እኔ ኮምቦልቻ ቡና ቤት አለኝ፤ እንግዶቼ የሚቀመጡበት ክፍል ውስጥ ሁለት ገንዳ አለ። በዲሲው ላይ ከወንድማችን ከብሬከር ትንሽ እለያለሁ። የኔ ፓምፖች ተራዎቹ ናቸው፤ መቆጣጠሪያ የለ፣ አዳፕተር የለ። ገመዱን ሰካ፣ በቃ። የሚበላሽ ክፍል ባነሰ ቁጥር የሚያስጨንቅም ያንሳል። የጣሊያኑ ሲቼ ሲንክራ 3.0 ነው ያለኝ፤ በሰዓት 2700 ሊትር፣ እስከ 3 ሜትር ከፍታ፣ 45 ዋት። የጀርመኑ ኤሃይም 1262ም በጥንካሬው የታወቀ ነው፤ ግን 80 ዋት ይበላል። ቀንና ሌሊት የሚሠራ ነገር ስለሆነ ዋቱን አትናቀው። 45 ዋት በወር 32 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ 80 ዋት ደግሞ ወደ 58። ዘመድህ የምትመጣው ከአውሮፓ ቢሆን ኖሮ "ሲቼ አስመጣ" ብዬህ አበቃ ነበር፤ እዚያ 50 ኸርዝ ነውና። ከአሜሪካ ከሆነ ግን የብሬከርን ምክር ያዝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ያ ካርቶን ላይ ያየኸው 1800 ሊትር ውሃውን ምንም ወደ ላይ ሳይገፋ ነው። ካርቶኑን እንደገና እየው፤ ጎን ላይ ከፍታ የሚል ቁጥር ይኖራል። "1.8 ሜትር" ካለ 1.8 ሜትር ላይ የሚወጣው ውሃ ዜሮ ነው ማለት ነው። ጠብታ የለም። አንተ በሁለቱ ቁጥሮች መሃል ነህ።

ግምት ትተህ ለካ። የመመለሻውን ቱቦ ጫፍ በከፍታው ላይ እንዳለ 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ አስገባና ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅበት በስልክህ ያዝ። ከዚያ ሦስት ነገር ንገረኝ። ከሳምፑ ውሃ ፊት እስከ ቱቦው ከፍተኛ ቦታ ስንት ሴንቲ ነው? ስንት ጎሚቶ አለው? ውሃው ወደ ገንዳው የሚመለስበት አፍ ከውሃው ፊት ስንት ሴንቲ ወርዷል? የመጨረሻዋን አትርሳ፤ ምንጣፍህን ያራሰችው እሷ ሳትሆን አትቀርም።

አናጢው ከሆጤ

እህቴ እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ይጨምርልሽ። ሜትር ከኪሴ አይጠፋም፤ ወዲያው ለካሁት።

ከሳምፑ ውሃ እስከ ቱቦው ጫፍ 110 ሴንቲ። አራት ጎሚቶ። ካርቶኑ ላይ እንዳልሽው "1.8 ሜትር" ይላል፤ ጎኑ ላይ፣ በትንሹ፣ አይቼው አላውቅም። ጀሪካኑ የሞላው በ140 ሰከንድ ነው። የሚመለስበት አፍ ከውሃው ፊት 12 ሴንቲ ወርዷል። ድምፅ እንዳያሰማ ብዬ ነው ዝቅ ያደረግኩት። ሳምፑ ውስጥ ያለው ውሃ ፓምፑ እየሠራ 22 ሴንቲ ነው።

የኮምቦልቻዋ

በል እንግዲህ አብረን እናስላው።

20 ሊትር በ140 ሰከንድ ማለት በሰዓት 514 ሊትር ነው። ከ1800ው የደረሰህ ይህን ያህል ነው። ገንዳህ 240 ሊትር ስለሆነ በሰዓት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ውሃው የሚዞረው። ለጨው አልባ ገንዳ በሰዓት አራት፣ አምስት ጊዜ ይበቃል፤ 1000 እስከ 1200 ሊትር መሆኑ ነው። ከዚያ በላይ አትፈልግ። የሚወርደው ቱቦም መቻል አለበት። ፓምፑ ከሚወርደው በላይ ከገፋ ላይኛው ገንዳ ሞልቶ ይፈሳል፤ ያኔ ደግሞ ሌላ ምንጣፍ።

ቁመትህ 110 ነው። ጎሚቶዎቹና ቱቦው ራሳቸው ውሃውን ስለሚይዙት 150 ብለህ አስብ። 150 ሴንቲ ላይ 1200 ሊትር የሚሰጥ ፓምፕ ነው የምትፈልገው። ጥሩ ፓምፕ አብሮት የሚመጣ መስመር ያለው ሥዕል አለው፤ በየከፍታው ስንት ሊትር እንደሚሰጥ ያሳያል። ያን ሥዕል የማያሳይ ሻጭ ጋር አትድከም። ከፍተኛው ከፍታ 3 ሜትር አካባቢ የሆነ ፓምፕ ብትይዝ ሳይጨነቅ ይሠራልሃል። ከአራቱ ጎሚቶዎች ሁለቱን አውጥተህ በለስላሳ ጎማ ብትተካቸው ደግሞ በነፃ ውሃ ታተርፋለህ።

ጎርፉን ልንገርህ። መብራት ሲሄድ ፓምፑ ይቆማል፤ ውሃው ግን አይቆምም። አፉ ውሃ ውስጥ ስለሆነ በመጣበት ቱቦ ወደ ኋላ እየተሳበ ይወርዳል፤ አፉ አየር እስኪያገኝ ድረስ። ገንዳህ በአንድ ሴንቲ 5.4 ሊትር ይይዛል። 12 ሴንቲ ሲወርድ 65 ሊትር ነው። ሳምፕህ ከ22 እስከ 40 ያለው ባዶ ቦታ 50 ሊትር ብቻ ነው። የቀረው 15 ሊትር ለሱብሂ ስትነሳ የረገጥከው ነው። የፓምፑ ጥፋት አይደለም። የፈለግኸውን ምርጥ ፓምፕ ብታመጣ አፉን ካላነሳኸው ይደገማል።

አፉን ከውሃው ፊት 2 ሴንቲ ብቻ ዝቅ አድርገው። 11 ሊትር ገደማ ነው የሚወርደው፤ ሳምፑ ይችለዋል። በተጨማሪ ቱቦው ላይ፣ ከውሃው ፊት ልክ ስር፣ 5 ሚሊ ቀዳዳ ብሳ። ውሃው ትንሽ እንደወረደ በዚያ አየር ገብቶ ስበቱ ይቆረጣል። ቀዳዳው አረንጓዴ ሲይዘው ስለሚደፈን በየወሩ በጥርስ መፋቂያ ጥረገው። "ቼክ ቫልቭ አስገባበት" የሚልህ ይኖራል፤ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው ማለት ነው። እኔ አንድ ጊዜ አምኜው ነበር። ጤፍ የምታክል ቀንድ አውጣ መዝጊያው ላይ ተቀምጣ አላዘጋ ብላ አደረች።

አንድ ነገር ልጨምር፤ አሮጌውን ፓምፕ አትጣለው። አልነሳም የሚልበትን ምክንያት እጅህ ያውቀዋል። መጀመሪያ ከሶኬት ንቀል፣ ውሃ ውስጥ እጅ ከመክተት በፊት ሁሌም። የፊቱን ክዳን ክፈት፣ ማግኔቷን ሳብ አድርገህ አውጣት። ዙሪያዋን በጥፍርህ ስትፍቀው ነጭ እንደ ኖራ የሚሻክር ነገር ታገኛለህ፤ ውስጡም የሚያንሸራትት ቡናማ ንፍጥ አለ። ስትዞር ቦታ አይጠብባትም፤ ቆማ ስትነሳ ግን ይይዛታል። በግማሽ ውሃ ግማሽ ነጭ ኮምጣጤ ውስጥ አንድ ሁለት ሰዓት አቆያት፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሻት፣ አለቅልቀህ መልሳት። መሃል ያለችው ቀጭን ዘንግ ብረት ሆና ከዛገች ግን አይድንም። ከሴራሚክ የሆነች ዘንግ ያለውን ነው መፈለግ። እኔ በየሦስት ወሩ አጥባቸዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ መብራት መጥቶ አልነሳ ያለኝ የለም።

ሐይቅ ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከሐይቅ ከተማ ነው፤ ሶላር እገጥማለሁ።

ስለ ፓምፑ እህታችን ጨርሳዋለች። እኔ የዓሦቹ ትንፋሽ ነው ያሳሰበኝ። ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ። መጽሐፍ ላይ "ዓሣ ይህን ያህል ሰዓት ይቋቋማል" የሚለው ለዝቅተኛ አገር የተጻፈ ነው። እናንተ ጋ ጊዜው ያጥራል። ከፍታው ፓምፑን አይጎዳውም፤ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ስለሚገፋ። የሚጎዳው ዓሣውን ነው።

መብራት ሲሄድ መመለሻውን ፓምፕ በባትሪ ላንዳ አትበል። ትንሽ የአየር ፓምፕ ይበቃሃል፤ ላይኛው ገንዳ ውስጥ አረፋ የምታወጣዋ። 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል። ባትሪው እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ ተጠቀም እንበል። 4 ዋት የምትበላ የአየር ፓምፕ አሥር ሰዓት ታሠራለህ። ሌሊቱን ያሻግርሃል።

መብራቱ ከግማሽ ቀን በላይ ከቆየ ደግሞ ከሳምፑ ስፖንጁን አውጥተህ አረፋው አጠገብ ላይኛው ገንዳ ውስጥ አስቀምጠው። ቆሻሻውን የሚያጠፉት ባክቴሪያዎች የሚኖሩት እዚያ ነው፤ እነሱም አየር ይፈልጋሉ። ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ አትጠበው፤ ክሎሪኑ ይገድላቸዋል። ገንዳው ውሃ ውስጥ ጭመቀው፣ ይበቃል።

ብሬከር

እህታችን ያለችውን የሲቼ ነገር እቀበላለሁ፤ ቀላል ዕቃ ዕድሜው ረጅም ነው። እኔም ዲሲ ያልኩት ከአሜሪካ ስለሚመጣ ብቻ ነው።

አንድ የረሳሁት፦ ገመዱ ከሳምፑ ወጥቶ ወደ ሶኬቱ ሲሄድ መጀመሪያ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፣ ከዚያ ወደ ላይ ይውጣ። ውሃ በገመዱ ላይ ቢንጠባጠብ እዚያ ዝቅታው ላይ ይወድቃል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። የሶኬት ማከፋፈያህን ካቢኔው ወለል ላይ አስቀምጠኸው ከሆነ ዛሬውኑ አንሳው። ግድግዳው ላይ በብሎን እሰረው።

አናጢው ከሆጤ

ወሬ ይዤ ተመልሻለሁ። ጸጥ ያልኩት እስክፈትሸው ብዬ ነው።

ማከፋፈያው ወለሉ ላይ ነበር። ያን ቀን ማታ አነሳሁት። ምንጣፉ የራሰ ሌሊት እሱም እዚያው ነበር፤ ሳስበው እስካሁን ሆዴ ይላወሳል። ልጄ በባዶ እግሯ ነው ቤት ውስጥ የምትሄደው።

የአክስቴ ልጅ ሦስት ቦታ ጠይቃ ባለ 24 ቮልቱን ዲሲ አመጣች። ከፍታው 3 ሜትር፣ ዘንጉ ሴራሚክ፣ አዳፕተሩ ላይ "ከ100 እስከ 240" ይላል። ትርፍ አዳፕተርና ትርፍ ማግኔትም አብራ ይዛለች። ሻጩን "መብራት ሲመጣ ራሱ ይነሳል?" ብላ ስትጠይቀው ሳይመልስ ሶኬቱን ነቅሎ መልሶ ሰካው። እሷም በቪዲዮ ቀርጻ ላከችልኝ።

ሁለቱን ጎሚቶ በጎማ ተካኋቸው። አፉን 2 ሴንቲ ላይ አደረግኩ፤ የ5 ሚሊዋን ቀዳዳ በእንጨት መሰርሰሪያዬ በሳኋት። ፓምፑን በአሥሩ ደረጃ ስድስተኛው ላይ አድርጌ ጀሪካኑን ሞላሁ። 64 ሰከንድ። በሰዓት 1125 ሊትር ነው። ካቢኔውን ዘግቼ ጆሮዬን ሳስጠጋ የሚሰማኝ ውሃው ሲወርድ ብቻ ነው።

ከዚያ ልጄን የቤቱ መብራት ማጥፊያ ጋ አቆምኳት። "አጥፊ" ስላት ታጠፋለች፣ "አብሪ" ስላት ታበራለች። እኔ ሳምፑ ጎን በእርሳስ ምልክት አድርጌ ሜትሬን ይዤ ተንበረከክኩ። ስትዘጋ ውሃው ወጣ፣ ወጣ፣ ከ4 ሴንቲ ትንሽ አልፎ ቀጥ አለ። ቀዳዳዋ አየር ስትስብ "ፍስስ" የምትል ድምፅ አላት። ስታበራ ፓምፑ ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆይቶ ተነሳ። አሥር ጊዜ ደጋገምነው። አሥሩንም ተነሳ።

የአሮጌው ማግኔት የኮምቦልቻዋ እህቴ እንዳለችው ነጭ ለብሳ ነበር። ኮምጣጤ ውስጥ ስከታት ፈላች። ዘንጓ ብረት ነው፤ አንድ ጫፏ ዝጓል፣ ግን ትዞራለች። ለክፉ ቀን ካቢኔው ውስጥ ደረቅ ቦታ አስቀምጫታለሁ። የአየር ፓምፕና ባትሪ የሚቀጥለው ወር ደመወዝ ለሠራተኞቼ ከከፈልኩ በኋላ እገዛለሁ፤ ሐይቅ ዳር፣ ባትሪውን አንተ ጋ መጥቼ ብወስድ ደስ ይለኛል።

ትናንት ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ሄዶ ነበር። ነቅቼ በስልኬ መብራት ሳየው ውሃው ምልክቱ ላይ ቆሟል። ተመልሼ ተኛሁ።